መሃል አዳራሽ የቆመው ግድግዳ

አንድ ግንበኛ ነበር፤ ዘርጋው ይባላል። ሚስቱ ታማ ስትሞትበት ትርሲት የምትባል አንዲት ልጁን ብቻውን አሳደገ። ምንም ሳያጓድል አብልቶ፣ አልብሶ አስተማራት። ስለ እናቷ ግን አንድም ቀን አንሥቶላት አያውቅም። እሷም አልጠየቀችውም።

ትርሲት አድጋ ሥነ ጥበብ ተማረች። የመጀመሪያ ዐውደ ርእይዋን ስትከፍት ከሁሉም አስቀድማ የጠራችው አባቷን ነው። ዘርጋው ሱፉን ለብሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ፣ ልጁ የሣለችውን ሊያይ በደስታ ሄደ።

አዳራሹ ውስጥ ግን አንድም ሥዕል የለም። መሃል ላይ የጭቃ ግድግዳ ቆሟል። ከግድግዳው ወዲህና ወዲያ አንድ አንድ በርጩማ ተቀምጧል፤ የተቀመጠ ሰው ጆሮ በሚደርስበት ቦታ ላይ ጠባብ ስንጥቅ አለ። ሌላ ምንም የለም።

ዘርጋው ግድግዳውን ዞሮ አየው፤ በመዳፉም መታ መታ አደረገው።

"ትርሲት፣ ይሄ እኮ ቱምቢ ያልነካው ግድግዳ ነው! የእኔ ሠራተኛ እንዲህ ጠማማ አድርጎ ቢያቆመው አስፈርሰው ነበር። ያን ሁሉ ዓመት የተማርሽው ይሄን ነው?"

ድምፁ ከፍ ብሎ ስለነበር እንግዶቹ ዞረው አዩ። አንዳንዶቹም ሳቁ። ትርሲት ወደ በረንዳው ወጣች።

ዘርጋው ተከትሏት ሲወጣ እንባዋን ስትጠርግ አገኛት። ከእናቷ ቀብር ወዲህ ስታለቅስ አይቷት አያውቅም ነበርና ደነገጠ።

"ተይ የኔ ልጅ፣ አታልቅሺ። እኔ የማውቀው ቤት መሥራት ነው፤ ይሄን አላውቅም። ምን አስበሽ ነው የሠራሽው? እስቲ ንገሪኝ።"

"እማዬ ከሞተች በኋላ አንተ በወዲያኛው ክፍል ስታለቅስ በግድግዳው በኩል እሰማህ ነበር" አለችው። "እኔም በወዲህ በኩል አለቅስ ነበር። ወደ አንተ ልመጣ እነሣና መልሼ እተኛለሁ። አሁን የሠራሁት ያን ግድግዳ ነው። ስንጥቁን የተውኩለት ሰዎች ሳይተያዩ ተቀምጠው፣ ፊት ለፊት ሊሉት ያቃታቸውን እንዲነጋገሩ ብዬ ነው።"

ዘርጋው ወደ አዳራሹ ተመልሶ አንደኛው በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ትርሲትም በወዲያኛው በኩል ተቀመጠች። ዘርጋው ወደ ስንጥቁ ጠጋ አለ።

"ትሰሚኛለሽ?"

"እሰማለሁ፣ አባዬ።"

"ስለ እናትሽ ዝም ያልኩት ስሟን ካነሣሁ የምትጎጂ መስሎኝ ነው።"

"እኔ ደግሞ እንዳላነሣት የምትፈልግ መስሎኝ ነበር።"

"እናትሽ እኮ ዘፈን አይሆንላትም ነበር" አለ ዘርጋው። "ልታስተኛሽ ስታንጎራጉር ጎረቤቱ ሁሉ ይስቅባት ነበር። አንቺ ግን እሷ ካላንጎራጎረች እንቅልፍ አይወስድሽም ነበር።"

ትርሲት እያለቀሰች ሳቀች። ይህን ታሪክ ሰምታው አታውቅም። በርጩማዎቹ ላይ ለመቀመጥ ተራቸውን የሚጠብቁት እንግዶች አላቻኮሏቸውም። ማታ ወደ ቤት ሲመለሱ ጨዋታቸው ስላላለቀ ታክሲ ትተው በእግራቸው ሄዱ።

ወዳጆቼ፣ ብዙ ጊዜ ያልገባን ሥራ ፊት ስንቆም "ይሄ ደግሞ ምን ይረባል?" ለማለት እንቸኩላለን። ዘርጋው በዚያው አኩርፎ ቢሄድ ኖሮ ከግንበኝነቱ የሚጎድልበት ነገር አልነበረም፤ ልጁን ግን ሳያውቃት ይቀር ነበር። "ምን አስበሽ ነው?" ብሎ መጠየቁ፣ ጠይቆም ቁጭ ማለቱ በጀው። የሠዓሊ ሥራ አንዳንዴ በአፍ ሊወጣ ያልቻለ ንግግር ነው። የሚጠይቀውና የሚያዳምጠው ሰው ይፈልጋል።

እርስዎስ ሳይጠይቁ "አይረባም" ብለው ያለፉት የማን ሥራ ነው?