እስከ ጉልበት ብቻ

አንድ መሬት የተረፈው ሰው ነበረ።

ተቀመጥ፣ ምትኩ፤ የጠየቅኸኝን እየመለስኩልህ ነው። ይህን የመጠለያ ጣቢያ እንድትመራ ከተሾምክ ገና ወር አልሞላህም። ወደ እኔ መጥተህ «ጋሼ፣ እነዚህ ተፈናቃዮች ስድስት ዓመት ሙሉ ስለ ንጽሕና ተምረው እንዴት አይለወጡም?» አልከኝ። እኔም አንድ መሬት የተረፈው ሰው ነበረ እልሃለሁ። ዝም ብለህ ስማኝ።

የዚህ ሰው ማሳ በአንድ ቀን ተዙሮ አያልቅም ነበር። መንደሩ የተቃጠለበት አንድ ገበሬ ሚስቱንና አራት ልጆቹን ይዞ ደጁ ላይ ቆመ። ባለመሬቱ ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን ልብ በልልኝ፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። እህል ሰፈረላቸው። ከማሳው ጥግ፣ ከወንዙ በላይ፣ ጎጆ የሚቀልሱበት ቦታ አሳያቸው። «አገራችሁ እስኪረጋጋ ተቀመጡ፤ መስከረም ላይ ትመለሳላችሁ» አላቸው። ገበሬው እጅ ነሣ።

ባለመሬቱ ሊሄድ ሲል ግን ዞር ብሎ አንድ ነገር አስጠነቀቀ። «ጥልቅ ጉድጓድ እንዳትቆፍር። ለመጸዳጃ እስከ ጉልበት ይበቃሃል፤ ከዚያ እንዳታልፍ።» ለምን? ፈርቶ ነዋ። «ዛሬ ጉድጓድ የቆፈረ ነገ ባሕር ዛፍ ይተክላል፣ ከነገ ወዲያ ምስክር ቆጥሮ ፍርድ ቤት ያቆመኛል» ይል ነበር ለሚስቱ። ስለዚህ የጉልበቱን ልክ ዘንግ ላይ በቢላ ጭሮ ዘንጉን ለማሳ ጠባቂው ሰጠው። ጠባቂው በየሳምንቱ እየመጣ ጉድጓዱን ይለካ ነበር።

ለስድስት ሰው እስከ ጉልበት የሆነ ጉድጓድ ስንት ቀን ይቆያል? የተማርክ ሰው ነህ፣ አስላው። ገበሬው በሳምንቱ አፈር መለሰበትና አጠገቡ ሌላ ቆፈረ። ያም ሞላ፤ ሌላ ቆፈረ። በሁለት ወር ውስጥ በጎጆው ዙሪያ እግር የሚያሳርፉበት ቦታ ጠፋ። ዝንቡ ከሰው ቀድሞ ገበታ ይቀርብ ጀመር። ትልቁን ልጅ ተቅማጥ ያዘው። ግንቦት አልቆ ደመናው ሲከብድ ገበሬው ቁልቁለቱን አየ፣ ወንዙን አየ፤ ልጆቹ የሚጠጡት ከዚያው ወንዝ ነው። ሚስቱን አስከትሎ ወደ ባለመሬቱ ሄደ።

«ጌታዬ፣ ዝናቡ ሳይመጣ ቁመት ሙሉ ልቆፍር። አፈሩ ለስላሳ ነው፣ ሁለት ቀን አይፈጅብኝም።»

«ቁመት ሙሉ? ቤተ መንግሥት ልትሠራ መሠረት እየጣልክ ነው እንዴ?»

አብረውት የተቀመጡት ሳቁ።

«የልጆቼ ነገር ሆኖብኝ ነው ጌታዬ። ዝናቡ ሁሉንም ጠርጎ ወንዙ ውስጥ ይከተዋል። እኛ የምንጠጣው እሱን ነው።»

«መስከረም ትሄድ የለም? ለሦስት ወር ብለህ ነው መሬቴን የምትበሳሳው?»

የገበሬው ሚስት አላስቻላትም። «እንግዲያው እስከ መስከረም ሆዳችንን ይዘን እንቆይዎት፣ ጌታዬ?»

አሁንም ሳቁ፤ ባለመሬቱ ግን አልሳቀም። በመፍቀድ ፈንታ ደግ ሆነ። አንድ ካርቶን ሳሙና አስወጥቶ ሰጣቸው። በማግስቱም እጅ አስተጣጠብ እንድታስተምራቸው ሚስቱን ላከ።

ሴትዮዋ አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፍና ከግቢው ዳር ቆመች። ጣቶችን እንዴት እንደሚፈትጉ፣ ጥፍርን እንዴት እንደሚያጸዱ አሳየቻቸው። ልጆቹ ደግመው አሳዩአት። ዙሪያዋን ቃኝታ ግን መታገሥ አቃታት።

«እናንተ ሰዎች፣ ለመሆኑ ባገራችሁም እንዲህ ነበር የምትኖሩት?»

«ባገራችንማ፣ እትዬ» አለች የገበሬው ሚስት፣ «ከቤታችን ራቅ ያለ፣ ክዳን ያለው፣ በር ያለው መጸዳጃ ነበረን። ቤታችንን ሲያቃጥሉ አብሮ ተቃጠለ።»

«ታዲያ ንጽሕና ታውቃላችኋ!»

«እናውቃለን። የቸገረን መቆፈር መከልከላችን ነው።»

ሴትዮዋ ቤቷ ገብታ ለባሏ የነገረችው «አስተማርኳቸው፤ የሚሰሙ ግን አይመስለኝም» ብላ ነው።

ሰኔ ገባ። ሦስት ቀን ሳያባራ ዘነበ፤ ገበሬው የፈራው ሁሉ ቁልቁል ወረደ። አጀቡሽ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ ነበረችው። ጠዋት ሆዴን አለች። ማታ ላይ ዓይኖቿ ወደ ውስጥ ገቡ። በማግስቱ ቀትር ላይ፣ እንደተጨመቀ ልብስ ደርቃ፣ በእናቷ ጭን ላይ ሞተች።

ባለመሬቱ ጋቢውን ለብሶ ቀብር መጣ። አለቀሰም፤ የምሩን ነው ያለቀሰው። ዶማና አካፋ የያዙ ሠራተኞቹን አምጥቶ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ መቃብሩን አስቆፈረ። ሠራተኞቹ ዝናብ እየመታቸው ስለነበር ወገብ ድረስ ቆፍረው ቆም አሉ። እሱ ተቆጣ። «ይሄ ምን ጉድጓድ ነው? ጅብ እንዲያወጣት ነው? ጨምሩ! ቁመት ሙሉ ይሁን!»

ገበሬው ይህን ሰማ። ያን ቀን ዘንጉን ይዞ የመጣ ሰው የለም።

ቀብሩ አለቀና ለቀስተኛው ገበሬውን ደግፎ ወደ ጎጆው መለሰው። ወጉን ታውቀዋለህ፤ ሐዘንተኛ ይቀመጣል፣ ሰው ከቦ ያጽናናዋል። ገበሬው አልተቀመጠም። ከአንዱ ሠራተኛ እጅ ዶማውን ወሰደ፣ ከጎጆው ኋላ ከወንዙ ርቆ ሄደና መቆፈር ጀመረ። ጉልበቱ ድረስ ደረሰ። አላቆመም። ጠባቂው ባለመሬቱን አየው። ባለመሬቱ ለቀስተኛውን አየ።

«ሐዘኑ አዙሮበታል» አለ አንዱ በቀስታ።

ባለመሬቱ ቀረበ። «ወንድሜ፣ ቀበርናት እኮ። ይሄ ደግሞ ለማን ነው?»

ገበሬው ቀና አላለም። «ይሄ ላልሞቱት ነው» አለ።

ከለቀስተኛው መካከል አንድ ሽማግሌ ኩታቸውን አውልቀው አጥር ላይ ሰቀሉ፣ አካፋ ወሰዱ፣ አፈሩን ያወጡለት ጀመር። ሁለት ጎረምሶች ተከተሏቸው። ጉድጓዱ ከሰው ቁመት አለፈ። ባለመሬቱ እዚያው ቆሞ አየ። በዚያ ሁሉ ሐዘንተኛ ፊት «አቁም» የሚልበት አፍ አጣ። የቸገረው ይኸው ብቻ ነበር፤ ልጅቷ ከመሞቷ በፊት ግን አፍ ሞልቶት ነበር።

ምትኩ፣ ባለመሬቱ እኛ ነን። ይህ መሥሪያ ቤት ነው። ዘንጋችን ደግሞ «ጊዜያዊ» የምትለው ቃል ናት፤ በየሰነዳችን ላይ አለች። ጣቢያው ጊዜያዊ ነውና ጥልቅ ጉድጓድ አይቆፈርም፣ ሲሚንቶ አይገባም፣ ለሴቶቹ በር አይገጠምም። እዚሁ የተወለዱ ልጆች ግን ትምህርት ቤት ገብተዋል። በየዓመቱ ሰኔ ላይ አሠልጣኝ እንልክባቸዋለን፤ አሠልጣኙም ተመልሶ «ግንዛቤያቸው ዝቅተኛ ነው» ብሎ ይጽፋል። ማንም ጉድጓዱን አይለካም።

እኔ ለክቻለሁ። ለዚህ የተማርኩ መሐንዲስ ነኝ። ሦስት ሜትር ይቆፈር ብዬ ከነሥዕሉ ጻፍኩ። ካንተ በፊት ወንበርህ ላይ የነበረው ሰው ጠርቶኝ «ሰዎቹ እዚሁ ይቀራሉ እያልክ ነው?» አለኝ። «ሰዎቹ ዛሬም ይጸዳዳሉ እያልኩ ነው» አልኩት። በሳምንቱ ይህን መጋዘን እንድጠብቅ ተመደብኩ። በዚያው ክረምት አሥራ አንድ ልጅ ቀበርን። ይቅርታ የጠየቀኝ የለም፤ የእኔስ ይቅር፣ እናቶቻቸውንም የጠየቀ የለም።

ስለዚህ ለምን አይለወጡም ብለህ አትጠይቀኝ። እነሱ ከእኔና ካንተ በፊት ያውቁ ነበር። ያ የጻፍኩት ወረቀት ዛሬም ፋይልህ ውስጥ አለ፤ የፈራሚው ቦታ ባዶ ነው፣ ማኅተሙም አሁን አንተ ዘንድ ነው። ዝናቡ ሊገባ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ወይ ዛሬ ትፈርማለህ፣ ወይ ጋቢህን ለብሰህ ቀብር ትደርሳለህ። እዚያ ቁመት ሙሉ ለመቆፈር ማንንም አናስፈቅድም።