መዶሻውን ያላየው ምስክር

አንድ ንጉሥ በአገሩ ሰው እጅ የተሠራ አውሮፕላን ማየት ፈለገ። አራት መቶ ሠራተኛ የሚውልበት ግቢ አሳነጸና ባሻ ገብረየስ የተባለውን የብረት ጠቢብ አለቃ አደረገበት። የአውሮፕላኑ ክንፍ ከመርዘሙ የተነሳ፣ በአንደኛው ጫፍ የቆመው ሠራተኛ ቁርሱን ሲበላ በሌላኛው ጫፍ ያለው ለእራት እጁን ይታጠብ ነበር ይባላል። እኔ የሰማሁት ከዚህም ይበልጥ ነበር፤ እንዳትጠራጠሩኝ ቀንሼ ነው የነገርኳችሁ።

በዚያ ግቢ አንድ የጸና ልማድ ነበር። ማንኛውም ትልቅ ብረት ወደ እሳት ሲገባ፣ ከዚያው ብረት የተቆረጠ አንድ ክንድ የሚያህል ቁራጭ አብሮት ይገባል። ትልቁ ሲግል ይግላል፤ ትልቁ ውሃ ውስጥ ሲነከር አብሮ ይነከራል። ይህን ቁራጭ ምስክር ይሉታል። በመጨረሻ ምስክሩ ሁለት ጫፉ በመጎተቻ መሣሪያ ተይዞ እስኪበጠስ ይጎተታል። የቻለው ክብደት ይጻፋል፤ ይፈረምበታል፤ ትልቁ ብረትም በዚያ ቃል ታምኖ ወደ ክንፉ ይሄዳል።

ምስክሮቹን የምትሰብረው ይመናሹ የምትባል ሴት ነበረች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሌላ ሥራ አልነበራትም። ሠራተኞቹ ሲቀልዱባት፣ እትዬ ይመናሹ ቤት ያልተሰበረ ስኒ አይገኝም፣ ባለቤቷም እስካሁን የቆየው በአምላክ ጥበቃ ነው ይሏታል። እሷም፣ ባሌ ተፈትኖ ያለፈ ነው፣ እናንተን ነው የምጠራጠረው ብላ ትመልሳለች።

ንጉሡ አውሮፕላኑ በንግሥናው በዓል ቀን እንዲነሳ አዘዘ። የሚያበርረው ሻምበል ደርብ የሦስት ልጆች አባት ነበር። በዓሉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ግን ሁለቱን ክንፎች የሚሸከሙት ታላላቅ ብረቶች ከእሳት ወጥተው ውሃ ሲነኩ ጠመሙ። ጥመታቸው አንድ ጣት አይሞላም። ሆኖም እንደገና ይሠሩ ቢባል ወራት ይፈጃል። ባሻ ገብረየስ ወደ ንጉሡ አልሄደም። አርባ ቀጥቃጭ አሰልፎ ብረቶቹን ሳያግል፣ እንደ ቀዘቀዙ አስቀጠቀጣቸው። ከጩኸቱ የተነሳ በሦስት አውራጃ ያሉ ዶሮዎች እንቁላል መጣል አቆሙ አሉ። በሦስተኛው ቀን ብረቶቹ እንደ ተወጠረ ገመድ ቀጥ አሉ። ምስክራቸውም ተጎተተና ያለ ነቀፋ አለፈ። ጩኸቱ የዘወትር ቅጥቀጣ የመሰላት ይመናሹም ፈረመች።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ አንዱ ቀጥቃጭ ለጓደኞቹ ሲፎክር ሰማች። ያ ብረት አጎንብሶ መጥቶ እጅ ነሳን፣ ከኛ ሲለይ ግን እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ሄደ፣ ይላል። ሁሉም ሳቁ። የይመናሹ ጉርሻ እጇ ላይ ቀረ። ተነስታ ባሻ ገብረየስ ዘንድ ሄደች።

ባሻ አልካደም። ገመድ ዘርግተሽ ለኪው፣ ጸጉር የምታህል ጥመት ካገኘሽ ሹመቴን ውሰጂው አላት።

«መቃናቱን መች ጠየቅኩ?» አለችው። «ሲቃና ጥመቱ የት ገባ? ነው የምልህ።»

«ምስክሩን ራስሽ ሰብረሽ ራስሽ ፈርመሽበታል፣ እህቴ።»

«ምስክሩ እሳቱን አይቷል፤ ውሃውንም አይቷል። መዶሻውን ግን አላየም። ያላየውን እንዴት ይመስክር?»

ባሻ ገብረየስ ፊቱን አዞረ። ሂጂ ሥራሽን ሥሪ አላት።

ይመናሹ ከዚያ በቀጥታ ወደ ቤተ መንግሥት ሄደች። ፊርማዬን ልሰርዝ፣ ከሁለቱ ብረቶችም አንዱን ውስጡ እንዲታይ በቁመቱ ልሰንጥቅ ይፈቀድልኝ ስትል ለመነች። ንጉሡ ተቆጣ። ብረቱ ቀጥ ብሏል፣ ምስክሩ አልፏል፣ ታዲያ ይቺ ሴት በዓሌን ከማበላሸት በቀር ምን ፈልጋ ነው አለ። በመጨረሻ ግን፣ ሰንጥቂው፣ ምንም ካልተገኘበት አገሬን ለቀሽ ትወጫለሽ ብሎ ፈረደ። ወዲያው የሻምበል ደርብ ልጆች ትዝ አሏትና እሺ አለች።

ንጉሡ ራሱ መጥቶ ተቀመጠ። ብረቱ ጠረጴዛ ላይ ተጋደመ፤ ላዩ ላይ አንዲት ዝንብ እንኳ አላረፈችም። መጋዙ ክንድ ያህል ገብቶ ሲሄድ ብረቱ ምላጩን ነክሶ ያዘው፤ ሰባት ጎረምሳ ቢጎትተው አልለቅም አለ። በሽብልቅ አስለቅቀው ጥቂት እንደ ቀጠሉ፣ ማንም ሳይነካው እንደ ነጎድጓድ ጮኾ ለሁለት ተከፈለ። ሁለቱ ግማሾች እንደ በሬ ቀንድ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ጎበጡ።

«ማን ጫነበት?» አለ ንጉሡ።

«ማንም አልጫነበትም፣ ጃንሆይ» አለች ይመናሹ። «ሲቃና የዋጠው ጥመት ነው። መቶ ኩንታል ይችላል ብዬ ፈርሜበት ነበር። ሰባውን ግን ገና መሬት ላይ ተኝቶ ሳለ በሆዱ ተሸክሞታል። ሻምበል ደርብ አየር ላይ ሲወጣ የሚተርፈው ሠላሳ ብቻ ነበር።»

ንጉሡ ወደ ባሻ ገብረየስ ዞረ። «ጠሞ ሲወጣ ለምን አልነገርከኝም?»

ባሻ ግንባሩን ወደ መሬት እንዳደረገ ተናገረ። «አምና ሞተሩ ገና ነው ያለዎትን ሰው በአደባባይ አስገረፉት፣ ጃንሆይ። ከዚያን ቀን ወዲህ ከአራት መቶ ሰው አንድም ‘አልሆነም’ ያለዎት የለም። ሁላችንም ቀጥ ብለናል።»

ሰው ሁሉ የባሻን አንገት በዓይኑ ተሰናበተው። ንጉሡ ግን የጎበጡትን ሁለት ግማሾች ሲያይ ቆየ። ዝምታችሁ ደስታ መስሎኝ ነበር አለ ቀስ ብሎ። ቀጥሎም እንዲህ ያለ ብረት መድኃኒቱ ምን እንደሆነ ይመናሹን ጠየቃት። በዝግታ ማጋል፣ በዝግታ ማብረድ ነው አለችው፤ ቀን ይፈጃል፣ መዶሻም አይገባበትም።

በዓሉ ያለ አውሮፕላን አለፈ። አዲስ ብረት ተሠራ፤ ከአምስት ወር በኋላም ሻምበል ደርብ በረረ፣ በሰላምም ተመልሶ ልጆቹን አቀፈ። ያን ዕለት ንጉሡ ግቢው ውስጥ አልነበረም። በአደባባይ ያስገረፈው ሞተር ሠሪ ቤት ተቀምጦ ነበር። በዚያ በመጀመሪያው ቀን ሰውየው፣ ደህና ነኝ ጃንሆይ፣ ምንም የለብኝም አለው። ንጉሡ በማግስቱ ተመልሶ መጣ፤ ያው መልስ ነው። በሦስተኛውም ቀን ያው ነው። በአራተኛው ቀን ሰውየው መናገር ጀመረ። ጀንበር እስክትጠልቅ ተናገረ፤ ንጉሡ አንድ ጊዜም አላቋረጠውም።

ወዳጆቼ፣ በኃይል ያቃናነው ሰው ጥመቱን አልጣለውም፤ ዋጠው እንጂ። ቀጥ ብሎ የቆመ ሁሉ ጤነኛ አይደለም፣ ዝም ያለም ሁሉ አልቀለለውም። የተሸከመውን ሳናውቅ ሌላ ስንጨምርበት፣ የሚሰበረው እኛን ይዞ ከፍ ባለበት ሰዓት ነው። እናንተስ ገሥጻችሁ ዝም ያሰኛችሁት ልጅ፣ የትዳር ጓደኛ ወይም ሠራተኛ «ምንም የለብኝም» ሲላችሁ፣ ስንት ቀን ተመላልሳችሁ አጠገቡ ተቀመጣችሁ?