ወለሉን ማን በላው?

አንድ ጊዜ፣ የሚከራይ ቤት ጠፍቶ ዱሩ ሁሉ በተቸገረበት ዘመን፣ አንዲት እናት አህያ የአያ ጅቦን ቤት ተከራየች። አህያ ከጅብ ተከራየች ብላችሁ አትሳቁባት። ክረምቱ ገብቷል፤ ውርንጭላዋ ገና ጡት አልጣለም፤ ያንኳኳችው በር ሁሉ «ልጅ ያላት አናስገባም» ብሏታል። ውርንጭላውን ከላይ እስከ ታች አይቶ «ልጅማ ደስ ይለኛል» ያላት አያ ጅቦ ብቻ ነው።

ቤቱ ወለሉ ጣውላ ነበር። ስትገባ ደህና የነበረው ጣውላ እያደር ሳሳ፤ ሲረግጡትም ይሰረጉድ ጀመር። አያ ጅቦ ኪራይ ሊቀበል ሲመጣ ደጃፍ ላይ ይቆማል እንጂ አንድም ቀን ወደ ውስጥ ዘልቆ አያውቅም።

«አያ ጅቦ፣ እባክዎ ወለሉን ያድሱልኝ። ልጄ አንድ ቀን ሰምጦ ይቀርብኛል» አለችው።

«ያረጀው በአንቺ ኮቴ ነው!» ብሎ ጮኸባት። «ቀስ ብለሽ መራመድ ልመጂ። ካልተመቸሽ ልቀቂልኝ። ከአንቺ በፊት የነበሩት ፍየሎችም ሳይሰናበቱኝ ነው የሄዱት።»

«እንግዲያው ይግቡና በዓይንዎ ይዩት።»

«ኧረ ቸኩያለሁ! ሰፈሬ ሩቅ ነው። ለመሆኑ ልጁ በደንብ ይጠባል? እንዳይከሳብሽ።»

አህያዋ ይህን ስትሰማ ልቧ ራራ። «ክፉ ቢሆንም ለልጅ ያስባል» አለች በሆዷ። የዋህነቷ ያናድዳል፤ ግን እናት ናት፣ ልጇን የጠየቀላትን ሁሉ ትወዳለች።

ጎረቤቷ እመት ቀበሮ ግን ነገሩ አልጣማትም። ደጃፉን አሽትታ አሽትታ፣ «ሩቅ ነው የምኖረው ለሚል ጅብ ሽታው እዚህ በዝቷል» አለች። ከዚያም ወደ አህያዋ ዞራ፣ «ስሚኝ እህቴ፤ በዱራችን ደንብ ወለል የሚያድሰው አከራዩ ነው። መብትሽን ስለጠየቅሽም ሊያስወጣሽ አይችልም። ነገ ጌታ አንበሳ ዘንድ እንከሰዋለን» አለቻት።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አልጋው ራስጌ ያለው ጣውላ ተሰበረና የውርንጭላው እግር ሰመጠ። እናቱ ማጅራቱን በጥርሷ ይዛ ጎትታ አወጣችው። ልጇን መጠበቅ አቃታት እንዳይሏት አፍራ፣ ለቀበሮ እንኳ አልተናገረችም።

በማግስቱ ጠዋት አንበሳ ከሾላው ሥር ተቀምጦ የአህያዋን አቤቱታ ሰማና ወደ አያ ጅቦ ዞረ።

«ወለሉ አልቋል ትላለች። አንተስ ምን ትላለህ?»

«ውሸቷን ነው ጌታዬ! ወለሉ ደህና ነው። የላላችው አንዲት ጣውላ ናት፤ እሷም አልጋው ራስጌ፣ ትናንት የልጇ እግር የገባባት። እሱንም ማጅራቱን ይዛ ቶሎ ጎተተችው፤ እኔ ገና በደንብ ሳልይዘው...» አለና ምራቁን ዋጠ።

አህያዋ ክው አለች።

«ይህን እኮ ለማንም አልተናገርኩም! ቤት ውስጥ ከእኔና ከልጄ በቀር ማንም አልነበረም!»

እመት ቀበሮ ድምጿን ዝግ አድርጋ፣ «አያ ጅቦ፣ የት ሆነህ አየህ?» አለችው።

አያ ጅቦ ጅራቱን ሸጉጦ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

ሁሉም ወደ ቤቱ ሮጡ። አንበሳ የተሰበረውን ጣውላ በአንድ መዳፉ ፈነቀለው። ከሥሩ መውጫው ጓሮ ካለው ቁጥቋጦ ውስጥ የሆነ ሰፊ ጉድጓድ፣ በጉድጓዱም የአያ ጅቦ መኝታ ተገኘ። መኝታው አጠገብ የአንድ ትልቅና የአንድ ትንሽ ፍየል ቀንዶች ወድቀዋል። ሳይሰናበቱ የሄዱት ተከራዮች እዚያው ነበሩ!

አህያዋ ጣውላውን አገላብጣ አየችው። እሷ በምትረግጠው በኩል የኮቴ ጭረት እንኳ የለበትም። ከሥሩ ግን በጥርስ ተፍቆ ተፍቆ እንደ ቅጠል ሳስቷል። ያን ሁሉ ጊዜ ልጇን ታስተኛ የነበረው ከጅብ አፍ በላይ ነው!

አንበሳ አገሳ። ያን ጉድጓድ በድንጋይ የደፈነው፣ በላዩም አዲስ የድንጋይ ወለል ያነጠፈው ራሱ አያ ጅቦ ነው። ድንጋይ ተሸክሞ እያለከለከም፣ «ወለሉ አዲስ ከሆነማ ኪራይ ልጨምር?» ብሎ ከመጠየቅ አልተመለሰም። ሥራውን ሲጨርስ ከዱሩ ተባረረ፤ ቤቱም ለእናትና ልጅ ሆነ።

አህያዋ ግን ድንጋጤው አልለቀቃትም። በዚያ በድንጋይ ወለል ላይ እንኳ፣ ልጇን ከማስተኛቷ በፊት በኮቴዋ ደጋግማ ትመታና፣ ጆሮዋን ደፍታ ከሥር የሚተነፍስ እንዳለ ታዳምጣለች።

ከዚህ የምንማረው፣ አከራይ ማደስ የሚገባውን አላድስም ሲል መብታችንን ሳንፈራ በቶሎ መጠየቅ፣ እንቢታውም ማንን እንደሚጠቅም መመርመር እንዳለብን ነው።