ከአልጋው አጠገብ የተገጠመው ማብሪያ

አንድ ሰው ነበረ፤ ሠላሳ ዓመት የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ። ጡረታ ሲወጣ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አንድ አሮጌ አውቶቡስ ገዛ፤ ወንበሮቹን ነቃቅሎ ቤት አደረገው። ከኋላ አልጋ፣ መሀል ላይ ጠረጴዛ፣ በሩ አጠገብ የጋዝ ምድጃ። ልጆቹ በየአገሩ ተበትነው ነበርና ከባለቤቱ ጋር እየዞረ ሊጠይቃቸው ነው።

ኤርሱሞ ይባላል። ባለቤቱ አመለወርቅ ትባላለች።

መብራቱን የዘረጋው ራሱ ነው። አራት አምፖል። ማብሪያና ማጥፊያው ግን ስንት ነው? አንድ! እሱም የት ነው? ከመሪው ጎን። የለመደው እንደዚያ ነዋ፤ የተሳፋሪውን መብራት የሚያበራውም የሚያጠፋውም ሾፌሩ ነው።

"የምሕረት አባት፣ መብራት!" ትላለች አመለወርቅ ከኋላ።

"መጣልሽ!" ይላል እሱ። "እኔ ባልኖር ምን ይውጥሽ ነበር!"

መጠራቱን ወዶታል፣ ወገኖቼ። እሷም መጀመሪያ መጀመሪያ ትስቅ ነበር።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ፣ ልጃቸው ምሕረት ወዳለችበት ወደ አርባ ምንጭ ሊገቡ ጥቂት ሲቀራቸው፣ ኤርሱሞ አውቶቡሱን ዳር አስይዞ ሻይ ሊጠጣ ወረደ። ዝናብ መጣ። ምን ዓይነት ዝናብ! ሰማዩ ጠቆረ። አመለወርቅ አልጋው ላይ ጋደም ብላ ነበር። ተጣራች፤ ዝናቡ ጣራውን እየደበደበ ማን ይስማት? እየዳበሰች ተነሣች። ያ የሚያማት ጉልበቷ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ተጋጨ። ተመልሳ ቁጭ አለች።

ዝናቡ ሲያባራ ኤርሱሞ ገባ፤ መብራቱን አበራ።

"ምነው በጨለማ ተቀመጥሽ?"

"ወራጅ አለ" አለችው።

ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት ነው። ፊቷን ሲያይ ግን ሳቁ ቆመ።

"ምሕረት ቤት ስንደርስ አውርደኝ። እኔ እዚያው እቀራለሁ፤ አንተ መንገድህን ቀጥል።"

"ምን አድርጌሽ ነው? ፍራሹ ቆረቆረሽ?"

"ፍራሹ ምንም አላለኝ። ቤታችን ነው ብለኸኝ ነው የወጣሁት። ሰው በገዛ ቤቱ መብራት ያስፈቅዳል እንዴ? አንተ ሾፌር፣ እኔ ተሳፋሪ!"

ኤርሱሞ ሠላሳ ዓመት በመስታወቱ ስንቱን ተሳፋሪ አይቷል! ከኋላ የተቀመጠ ሰው ምን እንደሚሰማው ግን አስቦ አያውቅም። ሲያገለግላት የኖረ መስሎት ነበር፤ ለካ ሲያስጠብቃት ነው የኖረው።

በማግስቱ ጠዋት የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ በር ላይ ቆመ።

"ስንት ማብሪያ ልስጥዎት አባቴ?" አለው ባለሱቁ።

"ቆይ፣ ባለቤቴን ልጠይቃት።" ወደ አውቶቡሱ ዞሮ ጮኸ፤ "አመለ! ስንት ይሁን?"

"ሦስት!" አለች በመስኮት። ትንሽ ቆየችና፣ "ኧረ አራት!"

ምሕረት ግቢ ገብተው ቀኑን ሙሉ ሽቦ ሲጎትት ዋለ። ከፍታውን ግን በራሱ ቁመት አልለካም። "እስቲ ጋደም በይ" አላት። ጋደም አለች። "እጅሽን ዘርጊ።" ዘረጋች። ጣቷ ያረፈበት ላይ በእርሳስ ምልክት አደረገ። ምድጃው ጋ አቆማት፤ ምልክት። ጠረጴዛው ጋ አስቀመጣት፤ ምልክት። በሩም ጋ እንዲሁ።

ሲጨርስ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። እሷ ግን አበራች። አጠፋች። ደግሞ አበራች። ምሕረት "እማዬ ምን ሆነች?" ብላ ብትመጣ፣ እናቷ አልጋው ላይ ሆና እንባዋ እስኪወርድ ትስቃለች።

ማታ ኤርሱሞ ጢሙን ግማሹን እንደ ተላጨ መብራቱ ድርግም!

"ማነው ያጠፋው?"

"የቤቱ ባለቤት!"

እኩል ሳቁ። ምሕረት ቤት መቅረቱስ? በሦስተኛው ቀን ዕቃውን ሸክፋ ቀድማ የተሳፈረችው እሷ ናት። "ተነሥ እንጂ! ጂንካ ያለው ልጃችን አይጠብቀንም?"

ወገኖቼ፣ ይህ ሰው ክፉ ነበር? አልነበረም። በጨለማ ተቀመጪ አላላትም። ሲጠሩት ይመጣል። ብርሃኑም አለ፤ አራት አምፖል! ነገር ግን ሁሉ በእሱ እጅ ካላለፈ አይሆንም።

እናንተስ? ልጃችሁ ሃያ ዓመት ሞልቶት አንድ ነገር ሊወስን ሲል ፊታችሁን የሚያየው ለምንድን ነው? ባለቤትሽ፣ ባለቤትህ፣ ቤታቸው ውስጥ የሚያስፈቅዱት ነገር የለም? "እኔ ከሌለሁ አይሆንላቸውም" ትላላችሁ። እውነት ነው፣ አይሆንላቸውም። እንዲያ ያደረገው ማን ሆነና? የምትወዱት ሰው ሲጠራችሁ መድረስ መልካም ነው። ሳይጠራችሁ እንዲችል ማድረግ ግን ከዚያ የበለጠ ፍቅር ነው።

ጣቴን ወደ እናንተ ብቻ አልቀስርም። የዚህ አዳራሽ ቁልፍ ስድስት ዓመት ሙሉ እኔ ኪስ ውስጥ ነው ያለው። ሐሙስ ሐሙስ ለጸሎት ማልደው የሚመጡ እናቶች እኔ እስክደርስ ብርድ ላይ ይቆማሉ። ስደርስ "ፓስተር መጡ!" ይላሉ። እኔም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ይለኛል።

ትናንት ሦስት ቁልፍ አስቀርጫለሁ። እማማ አስናቀች፣ ጉባኤው ሲያበቃ ይምጡና አንዱን እርስዎ ይያዙ። ሐሙስ ስመጣ በሩ ተከፍቶ፣ ዝማሬው ደምቆ፣ እኔ ከኋላ ቦታ ልፈልግ።