ሰዓት የጠጣው ጅብ

አንድ ጊዜ አንድ ጅብ የአህያ ሰዓት ጠጣ። በላ አላልኩም፣ ጠጣ ነው ያልኩት። አታምኑኝም አይደል? ፊታችሁ ላይ ያስታውቃል። እስቲ ሳታዛጉ እስከ መጨረሻው ስሙኝና ከዛ ውሸታም በሉኝ።

ነገሩ የሆነው በጥንት ጊዜ ግሪክ አገር፣ አቴንስ የምትባል ከተማ ውስጥ ነው። ባህሩ ከኮረብታው በታች ተኝቷል፤ ነጫጮቹ የድንጋይ ምሰሶዎችም ቆመው የሚያንቀላፉ ይመስላሉ። በዛ ከተማ ንጉሥ የለም። እንስሳቱ ሸንጎ ተቀምጠው ጠጠር እየጣሉ ይወስናሉ። ሹመት በዕጣ ነው፤ አያ አንበሶ እንኳን የሸንጎ ሰብሳቢ የሆነው ዕጣ ደርሶት ነው። ሸንጎ ፊት የሚናገር ሁሉ ደግሞ ሰዓቱ ውሃ ነው። ሥሯ የተበሳች እንስራ ትሞላለች፤ ውሃው ጠብ ጠብ እያለ ሲወርድ ታወራለህ፣ ሲያልቅ አፍህን ትዘጋለህ። የዛን ዓመት የውሃ ጠባቂነቱ ዕጣ ለማን ወጣ መሰላችሁ? ለአያ ጅቦ።

በዛው ሰሞን እሜቴ ቀበሮ ጦርነት አማራት። ባህር ማዶ አንዲት ደሴት ላይ ፍየሎች ይኖራሉ፤ እነሱን እንውጋ አለች። የጦር አዛዥ የምትሆነው እሷ እንደሆነች እርግጠኛ ስለነበረች፣ የነሐስ የራስ ቁር ቀድማ አሠርታለች። ቁሩ ሰፍቷት ዓይኗ ላይ እየወረደ ያስቸግራታል። ሁሉም ወደ መርከብ ሲጋፋ፣ ከገበያው መሃል አንድ አህያ ቀስ ብሎ ጠየቀ።

«ፍየሎቹ ምን አረጉን?»

ተንኮል የለውም፤ ማወቅ ፈልጎ ነው። በጉ ግን ቆም አለ። ዶሮዋም ቆም አለች። ቀበሮ ይህን ስታይ ተናደደችና አህያውን ሸንጎ ከሰሰችው። ከተፈረደበት ከከተማው ግንብ ውጪ ይጣላል። ከግንቡ ውጪ የተጣለ አህያ ምን እንደሚሆን ደግሞ ለእናንተ አይነገርም።

ቀበሮ ወደ ጅቦ ሄደች።

«አያ ጅቦ፣ የኔን እንስራ ቀዳዳ በሰም ድፈንልኝ። እስክጠግብ ላውራ። የአህያውን ውሃ ደግሞ ጠጣው።»

«አልጠማኝም እኮ።»

«እሱ ከተፈረደበት ከግንቡ ውጪ ይጣላል። እዛ ማን ይጠብቀዋል?»

ጅቦ አሰበ። ማሰብ ለሱ ረጅም መንገድ ነው።

«እኔ» አለ በመጨረሻ። «አሁን ጠማኝ።»

ሸንጎው በጠዋት ተሰበሰበ። ቀበሮ ቁሯን ቀና አድርጋ ተነሳች።

«የተከበራችሁ የአቴንስ እንስሳት፣ መጀመሪያ ጥያቄ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እንመልከት። ከዛ በፊት ግን ማለት ማለት ራሱ ምን ማለት ነው?»

ወሬዋን ቀጠለች፣ ቀጠለች። ውሃው አይንጠባጠብም። ጥላው ዞረ። ወይራው ውስጥ ያሉት ነፍሳት ጭርር ይላሉ፣ ባህሩ ይተነፍሳል፣ ቀበሮ ታወራለች። በጉ አንቀላፋ፤ በሕልሙ ደመና ሆኖ ባህሩ ላይ ተንሳፈፈ፣ ዓሳዎቹም ከሥር ሆነው ዘፈኑለት። ዶሮዋ አሸለበች፤ ኮከቦቹ ሁሉ ጥሬ ሆነውላት እየዞረች ለቀመቻቸው። አያ አንበሶ ደቦል ሆኖ የእናቱ ሆድ ላይ ተኛ፤ ሆዷም እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ አደረገው። ከተማው በሙሉ በአንድ ትንፋሽ ይተነፍስ ጀመር።

አዛጋችሁ። አይቻችኋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ እንስራዋ ላይ አረፈች። ሰሙ ቀለጠና ውሃው ፏ ብሎ በአንዴ ወረደ።

«ስለዚህ ይህ አህያ...» ቀበሮ አፏን እንደከፈተች ቀረች። ያ ሁሉ ወሬ በድንገት ሲቆም ዝምታው ሁሉንም ቀሰቀሳቸው።

«የአህያው ተራ» አለ አንበሶ አፉን እየጠራረገ። ጅቦ የአህያውን እንስራ አመጣ። ውስጧ ጥቂት ጠብታ ነው ያለው።

«ውሃው የት ሄደ?»

«ተነነ ጌታዬ። ሙቀቱ ነው።» ይህን ሲል ሆዱ ውስጥ ቦጭረቅ አለ።

«ሆድህ ውስጥስ ምንድነው?»

«እሱም ሙቀት ነው።»

አንበሶ ሌላ ውሃ ሊያስቀዳ ሲል ቀበሮ ዘላ ገባች። «ሕጉ ለአንድ ተናጋሪ አንድ እንስራ ነው የሚለው።»

«ይበቃኛል» አለ አህያው። ጆሮዎቹን ወደ እንስራዋ ቀሰረ።

ጠብ።

«አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ።»

ጠብ።

«የተከሰስኩት ምን አርጌ ነው?»

ውሃው አለቀ።

አንበሶ ወደ በጉ ዞረ። በጉ ግራ ገባው። «ስለ ደመና ነበር መሰለኝ።»

«ኧረ ስለ ጥሬ ነው» አለች ዶሮዋ። «ሰማይ ሙሉ ጥሬ።»

አንበሶ ራሱ የእናቱን ሆድ ብቻ ነው የሚያስታውሰው።

«እኔ ልንገራችሁ!» አለች ቀበሮ።

«ውሃሽ አልቋል እሜቴ» አለ አንበሶ። «ሕጉ ለአንድ ተናጋሪ አንድ እንስራ ነው የሚለው።»

ሁሉም ሁለት ሁለት ጠጠር ይዟል፤ ለመፍረድ ጥቁሩ፣ ነጻ ለማውጣት ነጩ ይጣላል። ነጩ ጠጠር ማሰሮው ውስጥ እንደ ዝናብ ዘነበ። ጅቦ ሳይቀር ነጭ ጣለ፤ ጥቁሩን ጉበት መስሎት ውጦት ነበር።

አህያው በነጻ ወጣ። በጉ ወደ መርከቡ ሲወርድ መንገድ ላይ ቆመና «እውነት ግን፣ ፍየሎቹ ምን አረጉን?» አለ። ሁሉም አንድ በአንድ ወደ ቤቱ ገባ። መርከቦቹ ባዷቸውን ውሃው ላይ ሲወዛወዙ ቀሩ፤ የቀበሮ ቁር ውስጥም ወፍ ጎጆ ሠራች። ጅቦ ከግንቡ ውጪ አህያውን ሲጠብቅ ይኖራል፤ ሊይዘው በሮጠ ቁጥር ግን ሆዱ ቦጭረቅ ቦጭረቅ ይላል፣ አህያውም የራሱን ሰዓት ከሩቅ ሰምቶ ያመልጣል።

ከዚህ የምንማረው፣ ሌላውን ለመክሰስ ቀኑን ሙሉ የሚያወራ ሲገጥመን፣ እንቅልፍ ሳይወስደን «ምን አደረገ?» ብለን መጠየቅ እንዳለብን ነው።

በሉ ይቺን ለአንድ ሰው ንገሩልኝ። ስትነግሩ ግን አሳጥሩት፤ ጅቦ የእናንተንም ሰዓት እንዳይጠጣው።