ለደብሪቱ በቁሟ የተጣለ ድንኳን

በአንድ ወቅት፣ ከጦሳ ተራራ ሥር በምትገኝ ቁልቁል ሰፈር በምትባል መንደር፣ ሙታንን በመርዳት የሚስተካከለው ያልነበረ አንድ ቅሬ ነበረ። ቅሬ ማለት በሌላው አገር እድር የሚሉት ነው። በዚህ ቅሬ ሰው ከሞተ ወዲያ ምንም አይጎድልበትም፤ ድንኳኑ ጠብታ አያሳልፍም፣ አግዳሚ ወንበሩ አይወላገድም፣ ብረት ድስቱ ሕፃን ያስዋኛል። ሰው በሕይወት እስካለ ድረስ ግን ቅሬው በትዕግሥት ይጠብቀዋል።

የቅሬው ዳኛ ጋሽ አበጋዝ ነበሩ፤ ከፍርድ ቤት መዝገብ ቤት በጡረታ የወጡ፣ የቅሬውን ደንብም ሆነ የአባላቱን መዝገብ በገዛ እጃቸው የጻፉ፣ ክፉ የማይወጣቸው ሰው።

አንድ የሐምሌ እሑድ ኮሚቴው ተሰብስቦ ሳለ ደብሪቱ መጣች። ደብሪቱ የሰፈሩ ወጥ ሠሪ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የእሷ ወጥ ሳይበላበት የተነሣ ድንኳን የለም። ዕድሜዋ ከጋሽ አበጋዝ ባይበልጥ አያንስም፤ ግን ትልቁም ትንሹም «ደብሪቱ» ነው የሚላት። በር ላይ ቆማ ጉዳይዋን ተናገረች። አከራይዋ አቶ ጌትዬ ክፍሏን ለሞባይል ጥገና ሱቅ ፈልጎት እስከ ሐሙስ ልቀቂ ብሏታል። የምትጠጋበት ዘመድ የላትም። ሽማግሌ ሆነው ቢለምኑላት፤ ያ ባይሆን ደግሞ ድንኳኑን እስከ መስከረም ቢያውሷት።

ጋሽ አበጋዝ ከልባቸው አዘኑ። አዝነው ሲያበቁ ደንቡን ገለጡ። አንቀጽ ሰባት፣ ቅሬው ለአባል የሚደርሰው አባሉ ሲሞት ወይም ሲሞትበት ነው ይላል። ይህን አንቀጽ የጻፉት ራሳቸው ስለሆኑ በጣም ያከብሩታል።

«ደብሪቱዬ፣» አሏት በለሰለሰ ድምፅ፣ «ቅሬው የሚደርስልሽ እኮ ስትሞቺ ነው። ያን ጊዜ ምንም እንደማይጎድልብሽ እኔ አለሁልሽ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሽ አበጋዝ፤» አለች። «እንግዲያ ለመሞት እሞክራለኋ።»

በፌዝ አላለችውም፤ በፌዝ ብትለው ይቀል ነበር። አንድ የኮሚቴ አባል ሳል ያዘው። ከዚያ ወደ ቀጣዩ አጀንዳ አለፉ፤ የአግዳሚ ወንበሮቹ ቀለም ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ዝናቡ ይወርዳል። የደብሪቱ አልጋ፣ አንድ ማዳበሪያ ልብስና የጋዝ ምድጃዋ አቶ ጌትዬ በር ላይ ጭቃ ውስጥ ተቀምጠዋል። እሷ አልጋው ጫፍ ላይ ናት። ጋሽ አበጋዝ ከበረንዳቸው ሆነው አዩዋት። ወዲያው ወደ ቤት ገብተው መነጽራቸውን ይፈልጉ ጀመር፤ መነጽሩ አፍንጫቸው ላይ ነበር።

የቅሬውን ዕቃ ቤት ቁልፍ ባንገታቸው የሚያንጠለጥሉት ወይዘሮ ከድጃ ከገበያ ሲመለሱ ያንኑ አልጋ አዩ። ያለ ዳኛው ወረቀት እንኳን ድንኳን ማንኪያ አይወጣም፤ ይህም አንቀጽ አለው። ወይዘሮ ከድጃ ወረቀት አልጠየቁም። አብረዋቸው ከገበያ የመጡትን ሴቶች አስከትለው ድንኳኑን አወጡና ደብሪቱን ከነአልጋዋ ሸፍነው አቶ ጌትዬ በር ላይ ጣሉት። አቶ ጌትዬ ከነፒጃማው ወጣ። ማን ሞቶ ነው በደጄ ድንኳን የምትጥሉት ቢል፣

«አንድ ሰው እንደሚሞት እናውቃለን፤» አሉት ወይዘሮ ከድጃ ካስማውን እየመቱ። «ማን እንደሆነ ገና አልወሰንንም።»

የቅሬው ለፋፊ አያ ይማም ይህን ከመንገድ ማዶ ያያል። በሠላሳ ዓመት ሥራው ሳይሞት የጠራው ሰው የለም። በሌላ በኩል ደግሞ ድንኳን ተጥሎ ጥሩምባ ሳይነፋ የቀረበት ቀንም የለም። ሁለቱን መዘነ፤ ጥሩምባውን አነሣና በየማዕዘኑ እየቆመ ነፋ። «የቁልቁል ሰፈር ሰው! የደብሪቱ ለቅሶ ነው! ነጠላህን አዘቅዝቅና ውጣ!»

ጥሩምባው ጋሽ አበጋዝን መነጽር ፍለጋቸው ላይ ደረሰባቸው። ስሟን ሰሙ። «ሞከረች፤» አሉ ለብቻቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እንዴት እንደወጡ አያውቁትም። ቁልቁለቱን እንባቸው እየወረደ ወረዱ። ድንኳኑ ደርሰው ቢገቡ፣ ደብሪቱ አልጋዋ ላይ እጆቿን ጉያዋ ከትታ ቁጭ ብላለች። አንገቷን ደፋች፤ ሰው ስላስቸገረች ያፈረች ትመስላለች።

ጋሽ አበጋዝ በመጀመሪያ ደስ አላቸው። ቀጥሎ ድንኳኑ ያለ ወረቀት መውጣቱ ትዝ አላቸውና ተናደዱ። ከዚያም በዚህ ሰዓት ስለ ወረቀት በመናደዳቸው ጆሯቸው ድረስ ጋላቸው። ቢመለሱ በወደዱ፤ ግን ለቅሶ የደረሰ ሰው ሳይቀመጥ አይመለስም። ተቀመጡ። ከኋላቸው የመጣው ሁሉ ይገባል፣ ሟቿን ያያል፣ ይደነግጣል፣ መመለስ አይችልምና ይቀመጣል። እኩለ ቀን ሳይሆን ድንኳኑ ሞላ። እያንዳንዱ ሰው ጫማውን ያያል።

እኩለ ቀን ሲሆን አንድ ነገር ታወቀ። ወጥ የለም። ዓይን ሁሉ ቀስ እያለ ወደ ደብሪቱ ዞረ። እሷም ልማድ ሆኖባት መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ብድግ አለች። ወይዘሮ ከድጃ ትከሻዋን ይዘው መልሰው አስቀመጧት።

«ሟች ናት፤» አሉ። «ዛሬ እንኳ ትረፍ።»

ያን ቀን ቁልቁል ሰፈር ጦሙን ዋለ።

የሙሾ አውራጇ እትዬ አትጠገብ ነበሩ። እሳቸው ደረት ካላስደቁ ለቅሶ ለቅሶ አይባልም። ለሕያው ሙሾ ማውረድ ሟርት ነው፤ ያወረደችን ሴት ወደ ቤቱ የሚጠራት የለም። ይህን ከማንም በላይ እትዬ አትጠገብ ያውቃሉ። ተነሥተው መሀል ቆሙና «የእነ…» ብለው ጀመሩ። ሙሾ በአባት ስምና በአገር ነው የሚጀመረው። ቆም አሉ።

«የአባቷ ስም ማን ነው?» አሉ ወደ ሕዝቡ።

ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ።

«አገሯስ?»

አንዱ ከወዲያ በኩል ነው መሰለኝ አለ። እትዬ አትጠገብ ወደ ጋሽ አበጋዝ ዞረው መዝገቡን ይዩልን አሉ። ጋሽ አበጋዝ መዝገቡን ለቅሶ በሄዱበት ሁሉ በብብታቸው ይዘው ስለሚዞሩ ማምለጫ አልነበራቸውም። ገለጡት። ጽሕፈቱ የራሳቸው ነው፤ ቀጥ ያለ፣ የሚያምር። ደብሪቱ ይላል። የአባት ስም በሚለው ሥር «ወጥ ሠሪ» ይላል።

ዘጉት። ሃያ ሁለት ዓመት ሲገልጡት የኖሩትን መዝገብ ያን ዕለት መሬት ውጣ ብትወስድላቸው ባልጠሉ።

እትዬ አትጠገብ ሟቿን ጠየቁ። «ደብሪቱ ይርጋ ነኝ፤» አለች ቀስ ብላ። «አገሬ ሳይንት ነው።» ያን ጊዜ ሙሾው ወረደ፦

የይርጋ ልጅ ደብሪቱ ስንቱን ሸኝታ በወጥ፣
በቁሟ የሞተች ለት ጠፋ ወይ የሚያስቀምጥ።

ሰው አለቀሰ። ላልሞተች ሴት እንዲህ የተለቀሰበት ዘመን አይታወቅም። ለማን እንደሚያለቅስ ግን ሁሉም በየግሉ ያውቃል፤ ማንም ዓይኑን ወደ አልጋው አላነሣም። አቶ ጌትዬ በር ላይ ቆሞ ነበር። ዓምና የእናቱ ለቅሶ ላይ ደብሪቱ ሦስት ቀን ቆማ ወጥ ሠርታለታለች። ወደ ቤቱ ገባ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ ተመለሰ፣ ከዚያም ማንንም ሳያይ የአልጋውን ራስጌ አነሣ። «ዝናቡ አበላሸው እኮ፤» አለ። ጋሽ አበጋዝ ግርጌውን ሊይዙ ተነሡ፤ ሲደርሱ ሌላ ሰው ቀድሟቸዋል። አልጋው ወደ ክፍሉ ተመለሰ፤ የሞባይል ጥገናውም ሌላ ቦታ ተከፈተ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን ለድሆችና ለተከራዮች መብት የሚሟገት የከተማው ቅሬዎች ኅብረት ወሬውን ሰማ። ቅሬ ለሕያው ሰው ሲደርስ የመጀመሪያው ነው ተብሎ አንድ ጥልፍ ካባ ተላከ። «ለሚገባው ሰው ይሰጥ» ይላል ደብዳቤው። ካባው የተሰፋው በጋሽ አበጋዝ ልክ ነበር፤ ኅብረቱ እንዲህ ያለውን ሥራ ከዳኛው በቀር ማን ይሠራዋል ብሎ ይሆናል። ጋሽ አበጋዝ በራቸውን ዘግተው አንድ ጊዜ ለብሰውታል። መስተዋት ፊት ግን አልቆሙም።

ካባው ለማን እንደሚገባ ለመለየት ወይዘሮ ከድጃን፣ አያ ይማምንና እትዬ አትጠገብን ጠርተው አነጋገሯቸው። ወይዘሮ ከድጃ ያን ጊዜ ቁልፉን ተነጥቀዋል፤ ደንብ ጥሰዋልና፣ ውሳኔውን የፈረሙት ጋሽ አበጋዝ ናቸው። ድንኳኑ ባይጣል ይማም ምን ብሎ ይነፋል፣ አትጠገብስ የት ቆማ ታለቅሳለች አሉ ወይዘሮ ከድጃ። አያ ይማም ደግሞ ከዚያ ወዲህ ጥሩምባውን የሚያምነው የለም። በቀደም አንድ ሽማግሌ የእውነት ሞተው ቢነፋ፣ ሰዉ «ዛሬስ ማን ተከራይ ተባረረ?» እያለ ቡናውን ሲጠጣ ረፈደ፤ ሬሳው በስምንት ሰው ተቀበረ። ስሜን ነው የሰጠሁት፣ እኔ ባልጠራ ድንኳኑ ባዶ ሸራ ነበር አለ። እትዬ አትጠገብን ለቅሶ የሚጠራቸው ጠፍቷል፤ ሟርተኛ ተብለዋል። ድንኳንም ሕዝብም ነበረ፣ የጌትዬን እጅ አልጋው ላይ ያሳረፈው ግን የኔ አፍ ነው አሉ። አቶ ጌትዬ በበኩሉ ሳይጠራ መጣ። ሁሉም የሰጠው ወሬ ነው፣ ቤት የሰጠሁ እኔ ነኝ ብሎ ተቀመጠ።

ጋሽ አበጋዝ ቢጨንቃቸው ወደ ደብሪቱ ሄዱ። ለመጀመሪያ ጊዜ «እትዬ ደብሪቱ» ብለው ጠሯት፤ ቃሉ አፋቸው ላይ ከበዳቸው። ምን እንደሚሻል ጠየቋት።

«ጋሽ አበጋዝ፣» አለቻቸው፣ «እሑድ ለት እርስዎ እዚሁ ድረስ መጥተው አንድ ቃል ለጌትዬ ቢነግሩልኝ ኖሮ፣ ከድጃ ቁልፏን፣ ይማም ስሙን፣ አትጠገብ እንጀራዋን ባላጡ። ይህንንም የሚያውቁ እርስዎ ነዎት። እኔ ምን አውቄ እፈርዳለሁ?»

ጋሽ አበጋዝ ካባውን በብብታቸው ይዘው ተመለሱ፤ እስካሁንም አልፈረዱም። እሳቸው ዳኛ ስለሆኑ ነው ያልቻሉት። እናንተ ግን ዳኛ አይደላችሁምና ሳይቀላችሁ አይቀርም፤ ቁልፏን ካጣችው፣ ስሙን ካጣው፣ እንጀራዋን ካጣችውና አልጋውን ከመለሰው፣ ካባውን ማን ይልበስ?