ጓሮዋን ያለበሰችው አህያ

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ጓዙን ጠቅልሎ አደይ አበባ ሜዳውን በወረሰበት ሰሞን፣ እመት አህይት ከጎጆዋ ጀርባ ያለችውን ጓሮ ዙሪያዋን በቀጋ እሾህ አጥራ አረም ታርም ነበር። ጓሮዋ ሰፊ አይደለችም፤ ሦስት መደብ ጎመን፣ አንድ መደብ ቃሪያ፣ ከአጥሩ ሥር ደግሞ ዘግይቶ የተዘራ ጥቂት በቆሎ። ፍግ እንኳ ከሩቅ አላመጣችም፤ እሱን በየማለዳው ራሷ ትጥለዋለች።

እመት አህይት ነፍሰ ጡር ናት። የምትወልደው በጥር ነው፤ በጥር ደግሞ ሜዳው ሁሉ ደርቆ አንዲት እርጥብ ሣር አይገኝም። የመጀመሪያ ልጇንም የወለደችው በጥር ነበርና ጡቷ ደርቆባት፣ ልጇ ሳይጠግብ ነው ያደገው። ያ ነገር እስከ ዛሬ አንጀቷን ይበላታል።

«ዘንድሮስ ጎመኔ እስከ ጥር ከቆየልኝ ወተት አላጣም» አለች ለራሷ። ስለዚህ ጎመን ስትቀነጥስ የታች የታቹን ቅጠል ብቻ ነው፤ ልቡን አትነካም።

አንድ ቀን ጎረቤቷ ቀበሮ በአጥሩ ቀዳዳ አፍንጫዋን ብቅ አደረገች።

«እመት አህይት፣ እንዴት ሰነበቱ? ጎመንዎ እንዴት ያምራል! ከነሥሩ ነቅለው ቢበሉት አይሻልም? የጥቅምት ውርጭ እንደሆነ አስፈቅዶ አይመጣ።»

«ውርጩንስ አስቤበታለሁ» አለች አህይት።

የቀበሮ ዓይን ግን ጎመኑ ላይ አልነበረም፤ በቆሎው ላይ ነበር። ጎመኑ ካለቀ አህይት አጥሯን ችላ ትላለች ብላ ነው። ቀበሮ ለእሸት ነፍሷን ትሰጣለች። የቀጋው እሾህ ነው ያስቸገራት።

በጥቅምት ገብስ ሲወቃ፣ እመት አህይት ከአውድማ ወደ ጎተራ እህል ስታመላልስ ሰነበተችና ለድካሟ ሁለት ሸክም ገለባ ተሰጣት። ለአህያ ከዚህ በላይ ምን ድግስ አለ? ሽታው ብቻ ምራቋን አስዋጣት። አንዴ ጎረሰች። ሁለተኛ ልትጎርስ ስትል ግን ጥር ትዝ አላትና አፏን ዘጋች። ከዚያ ወዲያ መደቦቹን ማታ ማታ በገለባው እያለበሰች፣ ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ሲል እየገለጠች ሰነበተች። ሆዷ ይጮህባታል፤ እሷ ግን ጎመኗን ባየች ቁጥር ደስ ይላታል።

ይህን ሁሉ ያየችው ቀበሮ፣ እሾህ የማይበሳው ቆዳ ያለው ማን እንደሆነ ታውቃለችና ወደ ጅብ ዋሻ ሄደች።

«አያ ጅቦ፣ እንደምን ዋሉ? እመት አህይት ማታ ማታ ጓሮዋ ውስጥ የሆነ ነገር በገለባ እየሸፈነች ታስተኛለች።»

«ምን ነገር?»

«እኔማ ምን አውቄ። አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ጎመን ሲለብስ አይተው ያውቃሉ?»

ጅቦ አሰበ። ማሰብ ስለማይሆንለት ብዙ ቆየ።

«አላየሁም» አለ በመጨረሻ። «እንዲያ ተሸፋፍኖ የሚተኛው ሕፃን ነው። የአህያ ሕፃን ደግሞ... ውርንጭላ! ወልዳለች ማለት ነው!»

«እርስዎ ካሉማ ነው» አለች ቀበሮ አንገቷን ደፍታ።

«በጥቅምት አንድ አጥንት ይባል የለ!» ብሎ ጅቦ ከንፈሩን ላሰ። እናቲቱን ይፈራታል፤ በእርግጫዋ አንድ ጥርሱን አስረክቧት ያውቃል። ውርንጭላ ግን አትራገጥም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ አጥሩን በደረቱ ጥሶ ገባና አንዱን የጎመን መደብ ገልጦ ውርንጭላ ቢያጣ ወደሚቀጥለው አለፈ። ቀበሮም በተጣሰው በኩል ተከትላው ወደ በቆሎው ሾለከች። እመት አህይት የእሾሁን መሰባበር ሰምታ ስትወጣ፣ ጅቦ የገለባ ክምር ሙሉ አፉን ሲገምጥ ደረሰች። የገመጠው የቃሪያውን መደብ ነበር። አላላመጠም፤ ጅብ መቼ ያላምጣል? ዋጠው።

«ኧረ ተቃጠልኩ! ኧረ የአህያ ልጅ እሳት ናት!» እያለ ሲዘል፣ ቀበሮ እሸት በአፏ ይዛ አያት። «አንቺ! ለካ ለእሸትሽ ብለሽ ነው እሳት ያበላሽኝ!» ብሎ ያሳድዳት ጀመር። ሁለቱም በገቡበት ወጡ።

ፀሐይ ስትወጣ እመት አህይት ጓሮዋን ዞራ አየች። ቃሪያው ወድሟል፤ ጅቦ ገለባውን የገለጠበት ጎመንም ውርጭ መትቶት ጠቁሯል። የለበሰው ግን እንደ ትናንቱ አረንጓዴ ነው። ለቃሪያዋ አዘነች። ቢሆንም ያልበላችው ገለባ በከንቱ እንዳልቀረ በዓይኗ ስላየች፣ እያንጎራጎረች አጥሯን ጠገነች።

ጥር ገባ። ሜዳው ደረቀ። እመት አህይት ግን ከጎመኗ የታች የታቹን እየቀነጠሰች ሴት ልጅ ወለደች፤ ጡቷም በወተት ሞላ።

አንድ አመሻሽ ላይ ውርንጭላዋ ጓሮ ውስጥ ተኝታ ሳለ የሚነጋገሩ ድምፆች ከአጥሩ ወዲያ ተሰሙ። ቀበሮና ጅቦ ናቸው። እመት አህይት ልጇን ቀስቅሳ ጎጆ የምታስገባበት ጊዜ አልነበራትም። በአፍንጫዋ ገለባውን እየገፋች አለበሰቻትና ከጎመኑ ጀርባ ዝም ብላ ቆመች። አንዲት ጆሮ ብቻ ሳትሸፈን ቀረች።

«አያ ጅቦ፣ ስለ ያኔው ይቅር ይበሉኝ» ትላለች ቀበሮ። «ዛሬ ግን እውነተኛ ውርንጭላ ናት፤ በዓይኔ በብረቱ አይቻታለሁ! ያቻትና፣ ጆሮዋ እንኳ ይታያል!»

ጅቦ በአጥሩ ቀዳዳ አጮለቀ። ገለባውን ገና ሲያየው የጅቦ ምላስ ተኮማተረ።

«ጆሮ?» አለ። «ሁለተኛ አልሞኝልሽም! ገለባ የለበሰ ነገር ምን እንደሆነ እኔን ጠይቂኝ። ቃሪያ ነው፤ ያ ደግሞ ጫፉ ነው።»

«ኧረ እየተንቀሳቀሰ ነው!»

«ሊያቃጥል እየተሰናዳ ነዋ!» አለና ጭራውን ወሽቆ መንገዱን ቀጠለ።

ኮቴያቸው ሲርቅ እመት አህይት ገለባውን ገለጠች። ውርንጭላዋ አስነጠሳት፤ ተነስታም ጡቷን ፈለገች። እናቷ እያጠባቻት ጎንበስ አለችና ከገለባው አንድ ጉርሻ ጎረሰች። ከጥቅምት ጀምሮ ያማራት ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ ከዛሬ ጉርሱ ቀንሶ ለነገ ያለበሰ ሁሉ፣ ነገ በተራው እሱኑ እንደሚያለብሰው ነው።